ለኳስ የተተከለ ድንኳን

በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በእህቴ ግቢ በተተከለው የእድራችን ድንኳን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እህቴ፣ የተጫዋቹ እናት፣ የመሀሉን ምሰሶ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። ባለሱቁ ጎረቤታችን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ እጁን ከላዩ ላይ አላነሳም፤ ያዋሰን እሱ ስለሆነ ሰው ገፍቶ ይጥልብኛል ብሎ ፈርቷል። የቡና እርሻው መፈልፈያ መካኒክ፣ የልጁ የመጀመሪያ አሠልጣኝ፣ ከሁሉም ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ እንጂ ለክብር አይደለም። የእድሩ ሰብሳቢ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል፤ የመጡት ኳስ ለማየት ሳይሆን ድንኳኑን ለመጠበቅ እንደሆነ ለሚገባው ሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው በየአግዳሚው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እኔ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መግቢያው ላይ ቆሜያለሁ። የአጎታችን ልጅ ገና አልደረሰችም። እሷ ከጌጫ እየመጣች መንገድ ላይ ነበረች፤ እኛ ግን መምጣቷን አናውቅም።

የምናየው የእህቴን ልጅ ነው፤ ወይም እናየዋለን ብለን ተስፋ እናደርግ ነበር ብል ይሻላል። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ለግማሽ ዓመት በሙከራ ወስዶት ነበር። በነዚያ ወራት ሁሉ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ሜዳ አልገባም። ያ ጨዋታ የዓመቱ የመጨረሻ ነው። ቅዳሜ ደውሎ፣ "አክስቴ፣ ነገ ካላስገባኝ ሰኞ ሻንጣዬን ይዤ ቴፒ ነኝ" አለኝ። በቀልድ ነበር ያለው፤ ስልኩን ለመዝጋት ግን ዘገየ።

ነገሩ የተጀመረው በሲሚንቶ ላይ ነው። እህቴ ዕድሜ ልኳን የሠራችው በእርሻው የቡና ማድረቂያ ነው። ቡናው በሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶቹም እየገለባበጡ ያደርቁታል። ለቀማው አልቆ ቡናው ሲነሳ ሲሚንቶው ባዶውን ይቀራል። ሌላው የቴፒ መሬት ወይ ዛፍ ነው ወይ ጭቃ፤ ደረቅና ደልዳላ ቦታ እሱ ብቻ ስለነበር የሠራተኛው ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በእርሻው መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ነው የሠራሁት። ማድረቂያው ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ልጆቹን አያቸው እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። ደመወዝ የሚከፈለኝ በመስኮት ለማየት አልነበረም።

ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ልጅ ቆዳውን ትቶ ነው የሚነሳው። መካኒኩ ከክሊኒክ ባመጣው ሐምራዊ መድኃኒት ጉልበታቸውን ይቀባቸዋል። መድኃኒቱ ያንገበግባል። ልጆቹ ሲጮኹ፣ የምቀባህ እንድትድን ሳይሆን ሁለተኛ እንዳትወድቅ ነው እያለ አንድ ዙር ይጨምርላቸዋል። ያኔ የሰፈራችን ልጆች ጉልበት በሙሉ ሐምራዊ ነበር። ገበያ ውስጥ አንድ ልጅ ሲያልፍ ጉልበቱን አይቶ የእርሻው መሆኑን መለየት ይቻላል። የእህቴ ልጅ ጉልበት ግን እንደተፈጠረ ነው። ቢገፉትም ቢጠልፉትም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ አንድ እጁ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ አለቀለት ስንል ቆሞ ይገኛል። ኳሷም እግሩ ሥር ናት። መካኒኩ ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ይላል። እህቴ ደግሞ፣ ሱሪውን ቀዶ የመጣ ልጅ እራት አያገኝም ብዬው ስለነበር እኔን ፈርቶ ነው ትላለች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከእርሻው ቡድን ወደ ሚዛን ተፈሪ ተወሰደ። ከሚዛን ደግሞ ሩቅ አገር ያለ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ፈለገው። እህቴ ከፍተኛ ሲባል ስትሰማ ልጄ ጫፍ ደረሰ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ባለሱቁ ከበላዩ ሌላ ሊግ እንዳለ ለማስረዳት የሳሙና ካርቶን በካርቶን ላይ ደራርቦ አሳያት። "እሱ ያለው ይኸኛው ላይ ነው፤ ፕሪሚየሩ ይኸ የላይኛው ነው" ሲላት ትንሽ አሰበችና፣ "ታዲያ አንዱን ካርቶን ለመውጣት ስንት ዓመት ይፈጃል?" አለችው። ባለሱቁ እኔ ሳሙና ሻጭ ነኝ ብሎ ካርቶኖቹን አነሳ።

አንዱ ካርቶን ብዙ ፈጀ። ልጁ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ለእናቱ የሚነግራት ደህንነቱን ነው፤ የቀረውን ለእኔ ይነግረኛል። ክፍሉ ጠባብ እንደሆነ፣ ማሊያቸውን አጥበው በመስኮት ብረት ላይ እንደሚያሰጡ፣ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ አድረው ጠዋት እንደሚጫወቱ። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ላም ገብታ ጨዋታው ቆመ አለኝ። ላሟ ከተከላካያችን የተሻለ ቦታ ይዛ ነበርና ስትወጣ አዘንን አለ።

እዚያ የነበረው አሠልጣኝ ያገኘበት ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ አይወድቅም። አጥቂ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ እግሩን ከተነካ መውደቅ አለበት ይላል አሠልጣኙ። ዳኛ ቆሞ ለቀረ ሰው ፊሽካ አይነፋም። ስለዚህ ፍራሽ አንጥፈው መውደቅ ያስተምሩት ጀመር። ከልምምዱ በኋላ በእውነተኛ ጨዋታ ላይ ተከላካይ ነካውና የተማረውን ሊያሳይ ፈለገ። መጀመሪያ ዞር ብሎ የሚወድቅበትን ቦታ አየ። ቀጥሎ መሬቱን በእጁ ዳበሰ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው አጭበርብረሃል ብሎ ቢጫ ካርድ አሳየው። ይህን ሲነግረኝ በሳቅ ቃል እያጣ ያቋርጥ ነበር። እኔም ስልኩን ከአፌ ትንሽ አራቅሁ።

ሳይወድቅም ቢሆን ጎል ያገባ ስለነበር የፕሪሚየር ሊጉ ክለብ መጥቶ ወሰደው። አዲሱ አሠልጣኝ ግን ያንኑ አይወድቅም የሚል ነገር ደገመው። ተወስዶ ወንበር ላይ ቀረ።

ጨዋታው በዲሽ እንደሚተላለፍ ስንሰማ ቦታ ቸገረን። የኳስ ማሳያ ቤቱ ባለቤት በዚያው ሰዓት የእንግሊዝ ጨዋታ አለብኝ አለ። የባለሱቁ ሱቅ ከአምስት ሰው በላይ አይዝም፤ የእህቴም ቤት እንደዚያው ነው። ደጅ እንዳንሆን የቴፒ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። የቀረው የእድሩ ድንኳን ነው። ድንኳኑ ግን ከለቅሶ በቀር አይወጣም። ድሮ ለሠርግ ተሰጥቶ ጣሪያው ተቃጥሎ ስለተመለሰ፣ እድሩ ያን ደንብ አውጥቶ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቷል።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። አባታቸው ከጎንደር ለመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም ሕግ ይወዳሉ። ቡና አቀረቡልኝ፤ አልጠጣሁም። ጉዳዬን ተናገርኩ።

"ድንኳን ያለ ለቅሶ አይወጣም፣ እትዬ" አሉኝ።

"ልጁ ካልገባ እህቴ ማልቀሷ አይቀርም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ያን ጊዜ ተሯሩጦ ከመትከል አስቀድሞ ቢተከል ይሻላል።"

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ከገባስ?"

"ከገባ ቁልፉን ይረከቡኛል።"

ብዙ ካሰቡ በኋላ እኔም እገኛለሁ አሉ።

ወጣቶቹ ድንኳኑን የተከሉት በጠዋት ነው። ያላሰብነው ነገር ቢኖር የእህቴ ግቢ በር የሚከፈተው ወደ ዋናው መንገድ መሆኑን ነው። በእኛ አገር የሞተ ሰው ካለ ጡሩንባ ነፊው በየሰፈሩ ዞሮ ይለፍፋል፤ ድንኳን የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን ግን ቆሟል። መንገደኛው ያየውን ይዞ፣ ሞቱ ድንገተኛ ሆኖ ጡሩንባ ለማስነፋት እንኳ ጊዜ አልተገኘም ብሎ ደመደመ። ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ። በር ላይ ቆሜ ማንም አልሞተም እላለሁ። ግማሾቹ እያማተቡ ይመለሳሉ፤ ግማሾቹ መጥተን የለ ወይ ብለው ይቀመጣሉ።

ለአፍታ ዞር ባልኩበት ጊዜ አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ ዘልቀው ገቡና እህቴን "እግዜር ያጽናሽ" አሏት። እህቴ በዚያን ሰዓት ጽናት የምትፈልግ ሰው ስለነበረች "አሜን፣ አሜን" አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ቅር አላቸው፤ የአሁን ዘመን ሰው ሐዘን አያውቅም ብለው ከጎናቸው ላለው ሰው ተናገሩ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ግን ስለ ተከላካዮቹ አቋቋም ከመካኒኩ ጋር ይከራከሩ ነበር።

ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ አገቡ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ በድንኳናችን ላይም ዝናብ መጣል ጀመረ። አሠልጣኙ አንዱን ለወጠ፤ የእኛ አይደለም። ሌላውን ለወጠ፤ አሁንም የእኛ አይደለም። ካሜራው አንዳንዴ በተጠባባቂዎቹ ፊት ሲያልፍ ልጁን ለቅጽበት እናየዋለን፤ ባለሱቁ በጣቱ ይጠቁመዋል፤ እህቴም ከስቷል ትላለች። የቀረው ሰዓት እያጠረ መጣ። ሰብሳቢው ዞረው እህቴን አዩ፤ ለቅሶው ተቃርቧል ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኔ የቁልፉን ቋጠሮ በጣቶቼ እያሻሸሁ ነበር።

በዚህ መሀል የቡድኑ ዋና አጥቂ ጭኑን ይዞ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። በቃሬዛ አወጡት። ካሜራው ወደ ጠርዙ ሲዞር፣ የእህቴ ልጅ የልምምድ ሹራቡን እየጎተተ ሲያወልቅ አየነው። ሹራቡ ጭንቅላቱ ላይ ተያዘበት። እህቴ ምሰሶውን ለቃ ጮኸች። ደስታ ሲደርስባት እንደዚያ ነው የምትጮኸው፤ ከልጅነታችን አውቀዋለሁ።

ከጌጫ የመጣችው የአጎታችን ልጅ ከሚኒባስ የወረደችው በዚያች ቅጽበት ነው። ሹፌሩ ጠዋት በእህቴ በር ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ወሬውን ጌጫ አድርሶታል። እሷም የእኔንና የእህቴን ዕድሜ አነጻጽራ የሞትኩት እኔ መሆን አለብኝ ብላለች። ቤት የተገኘውን ስንዴና ባቄላ ንፍሮ ቀቅላ፣ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ በዚያው ሚኒባስ መጣች። የእህቴን ጩኸት ከመንገድ ስትሰማ የነበራት ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ። ግማሹን በሸክኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ሙሾ እያወረደች፣ ደረቷን እየመታች ወደ ግቢው ገባች። እኔን ነበር የምታለቅሰው። የቤቱ ዓምድ አለችኝ። ዝምተኛዋ አለችኝ። ያን ሁሉ ሳቅሽን ለማን አስቀምጠሽ ሄድሽ አለች።

መግቢያው ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሙሾው ከተጀመረ በኋላ ወዲያው የሚቆም ነገር አይደለም፤ እኔን እያየችኝም አንድ ሐረግ ጨመረች።

"ቆመሻል እንዴ?" አለችኝ ከዚያ።

"ቆሜያለሁ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"ማንም። ኳስ እያየን ነው።"

"በድንኳን?"

"ቤቱ ጠቦን ነው።"

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ያን ሹፌር አገኘዋለሁ አለች። ከጌጫ ጀምሮ ስታለቅስ ተሳፋሪው ሁሉ እንዳለቀሰላት፣ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ከእሷ አብልጣ እንዳለቀሰች ነገረችኝ፤ ያ ሁሉ እንባ መና ቀረ ስትል በእኔ ያዘነች ትመስል ነበር። የሞተ ስላልነበረ ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ መሰለኝ። በኋላ ንፍሮውን ተቀብያት አስገባኋት። ንፍሮው በየአግዳሚው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ሰው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል እየዘገነ ይበላ ነበር። ሰብሳቢውም አንድ ጭብጥ ወሰዱ።

ልጁ ገብቷል። ለጥቂት ጊዜ ኳስ አልደረሰውም። ሜዳው ላይ ሲያዩት ከሌሎቹ የተለየ ነገር የለውም፤ መካኒኩ ግን ከኋላ ሆኖ፣ አሁን ወደ ግራ ይሄዳል፣ አሁን ይመለሳል እያለ ይነግረናል፤ ልጁ የተነገረለትን ትቶ ሌላ ያደርጋል። ከመሀል የተላከች ረጅም ኳስ በመጨረሻ ፊቱ አረፈች። አንዱን ተከላካይ አለፈው። ክልሉ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ተከላካይ ከኋላ መጥቶ እግሩን ጠለፈው።

ድንኳኑ በአንድ አፍ ውደቅ አለው። መካኒኩ፣ ያ ሐምራዊ መድኃኒት ሲቀባ የኖረ ሰው፣ ውደቅ ነው የምልህ እያለ ይለምነዋል። እናቱም ሱሪውን ረስታ ውደቅ ልጄ አለችው። ሰብሳቢው እንኳ፣ "ምናለ አረፍ ቢል" አሉ። እሱ ተንገዳገደ። አንድ እጁ ወደ ላይ ወጣ። ያን እጅ ከመስኮቴ አውቀዋለሁ።

የጠለፈው ተከላካይ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አልነካሁትም እያለ ወደ ዳኛው ሮጠ። ሌላውም ተከላካይ ለክርክር ተከተለው። በረኛው ሳይቀር ጓንቱን እያወዛወዘ ከጎሉ ወጥቶ ዳኛው ላይ ይጮኻል። ሁሉም ልጁ ወድቋል ብሎ ነው። ልጁ ግን ቆሟል፤ ኳሷም እግሩ ሥር ናት፤ የሚከለክለው ሰው የለም። እንደ ተንገዳገደ፣ ገና ሚዛኑን ሳያገኝ፣ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረጋት። ቀስ ብላ እየተንከባለለች ገባች። በረኛው ዞሮ ሲያያት ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ባለሱቁ እስከ ዛሬ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ እየተወነ ያሳያል።

መጀመሪያ እልል ያለችው የጌጫዋ እህታችን ናት። በዚያው ሙሾ ባወረደችበት ጉሮሮ ነው፤ ድምፁ ከለቅሶው ይበልጥ ነበር። እህቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ለሐዘን የመጡት ሽማግሌ ከማያውቁት ሰው ጋር ተቃቅፈው ይዘላሉ። ባለሱቁ ሌላው ሰው ቢዘልም እጁን ከቴሌቪዥኑ ስላላነሳ፣ ባለበት ሆኖ በአንድ እግሩ ነበር የሚዘለው። ዘለው ዘለው ድንኳኑን ሲያነቃንቁት በጣሪያው ላይ የተጠራቀመው የዝናብ ውኃ በአንድ ጊዜ ወርዶ ሰብሳቢውን አጠመቃቸው። በዚያን ቀን የወደቀው መካኒኩ ብቻ ነው። ከአግዳሚው ላይ ተንሸራትቶ ጉልበቱን ላጠው፤ እህቴም ያ መድኃኒት የት ይገኛል እያለች በሳቅ ትፈርሳለች።

ጨዋታው በዚያ ውጤት አለቀ። ትንሽ ቆይቶ የእህቴ ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገው ድንኳኑ መሀል ያዙት። ልጁ ያወራል፤ እዚህ ያለው ሰው ስለሚጮኽ ደጋግሞ እየጀመረ ነው። አሠልጣኙ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ መጥቶ፣ ሰኞ ወደ ቴፒ እንዳትሄድ፣ ሰኞ ቢሮ መጥተህ ትፈርማለህ ብሎታል። ስለ መውደቁስ ምን አለህ ብሎ መካኒኩ ጉልበቱን እንደያዘ ጠየቀው። ከእንግዲህ ስለ መውደቅ አናነሳም አለኝ ሲል ድንኳኑ እንደገና ተናጋ።

"አክስቴ የለችም?" አለ ልጁ።

ስልኩን እየተቀባበሉ ወደ መግቢያው አመጡልኝ።

"አክስቴ፣ አየሽኝ?"

"አየሁህ።"

"አልወደቅሁም እኮ።"

"ሱሪህ አልተቀደደም?"

"አልተቀደደም።"

"በል እንግዲያው እራትህን ብላ።"

ስልኩን ለእናቱ መለስኩላት። ውጭ ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። ወደ ሰብሳቢው ሄጄ የነጠላዬን ቋጠሮ ፈታሁና ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። ጋቢያቸውን እየጨመቁ ነበር። ቁልፉን አዩ፤ የጌጫዋን እህታችንን አዩ፤ እሷና እህቴ እስክስታ እየመቱ ነበር።

"ለቅሶ ተለቅሷል" አሉ። "ንፍሮም ተበልቷል። ደንቡ አልተነካም፤ ይያዙት።"

ቁልፉን መልሼ ቋጠርኩና ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወጣሁ።